ካርዱ ላይ አንድ መስመር

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የትራንስጀንደር ሰዎች፣ ማለትም ፆታቸው ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው የሚለይ ሰዎች፣ ሕክምና ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ቀዶ ሕክምና ነው። እኔ ነርስ ስለሆንኩ ትዝ የሚለኝ የካርድ ክፍል መስኮት ነው። አንድ ቀን አንዲት ሴት ወረፋ ይዛለች። ካርዷ ላይ ያለው የወንድ ስም ጮክ ተብሎ ተጠራ። አልተነሳችም። ሲደገም ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። የመጣችው እኮ ለደም ግፊት ነበር!

የሆርሞን ሕክምናቸውም ለጤና ጣቢያ አይከብድም። ኢስትሮጅንና ቴስቶስተሮን ለሌላ ችግር ስናዛቸው የኖርን መድኃኒቶች ናቸው። ቴስቶስተሮን የሚወስደው ቀይ የደም ሴሉ ከልክ እንዳያልፍ ይታያል። ቴስቶስተሮንን የሚገታውን ስፓይሮኖላክቶን የተባለ መድኃኒት የምትወስደው ፖታሲየሟ ይለካል። መጀመሪያ ዓመት ላይ በየ3 ወሩ ገደማ፣ ከዚያ በዓመት 1 ወይም 2 ጊዜ። በቃ። ለዚህ ሰውን ሩቅ ሆስፒታል መላክ ምን ይባላል? ቀጠሮው ሲርቅ ሆርሞኑን ከኢንተርኔት ገዝቶ ያለ ምርመራ የሚወስድ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መለያ ትራንስጀንደር መሆንን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። የኛ ኮምፒውተር ግን ገና አልሰማም መሰለኝ። ሲወለድ ሴት ተብሎ የተመዘገበ፣ የማህጸን በር ያለው ትራንስ ወንድ፣ ፋይሉ «ወንድ» ስለሚል ብቻ የካንሰር ምርመራ ማስታወሻ አይደርሰውም።

ለጊዜው የምንጠይቀው ቀላል ነው፤ ካርዱ ላይ «የሚጠሩበት ስም» የሚል አንድ መስመር።

አንዲት ነርስ