ሙሽራ አይደለችም፣ ሚጡዬ

አትላንታ፣ ጆርጂያ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እሑድ ስንደዋወል «የፊልም ሥራ አገኘሁ» ስትዪኝ እንባዬ መጣ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ገጸ ባሕሪዋ እንጀራ እየጋገረች ልጆቿን የምታሳድግ እናት ናት አልሽኝ፤ ወዲያው ደግሞ «የሚያምር አርቴፊሻል ሽፋሽፍት ገዝቼላታለሁ» አልሽኝ። ደስታሽን እንዳላደፈርሰው ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ይህን ሁሉ ዓመት ሙሽራ ስትኩይ ኖረሻል፤ እጅሽን አውቀዋለሁ፣ ማንም አይስተካከልሽም። ሙሽራ ግን የምትኳለው ለአንድ ቀን ነው። ከወንበሩ ስትነሳ ሥራሽ አበቃ። የፊልም ፊት ትናንት አለው። ሌሊት ተነስታ እሳት ያነደደች ሴት ካሜራው ፊት ስትቆም ሌሊቱ ፊቷ ላይ መታየት አለበት። ያንን የምታስቀምጪውም፣ የምታስታውሺላትም አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ብሩሽ ከመያዝሽ በፊት ስክሪፕቱን ከዳር እስከ ዳር አንብቢው። ደብተር ያዢና ለእያንዳንዱ ሲን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ትዕይንት፣ ጻፊ፦ በታሪኩ ስንተኛው ቀን ነው? ጠዋት ነው ማታ? አልቅሳለች? ታማለች? የት የት ቁስል አላት? ፊልም በቅደም ተከተል አይቀረጽም። ቤቱ የተከራየው ለሦስት ቀን ከሆነ፣ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም የቤት ውስጥ ሲን በሦስቱ ቀን ያልቃል። ጠዋት የተመታ ፊቷን ሠርተሽ ከምሳ በኋላ ከመመታቷ በፊት ወደነበረው ትመልሻታለሽ። ደብተር ከሌለሽ በሁለተኛው ቀን ይምታታብሻል።

በእኔ የደረሰውን ልንገርሽ። ጆርጂያ ፊልም ሠሪዎች ካወጡት ገንዘብ እስከ 30 በመቶ በግብር ቅናሽ ስለምትይዝላቸው ከፈረንጅ 2008 ወዲህ እዚህ ብዙ ይቀረጻል። እኔም በዚያ ግርግር ነው የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት። አንድ ተዋናይ ግራ ጉንጩ ላይ የተሰነጠቀ ቁስል ሠራሁለትና፣ ከኋላው ቆሜ በመስታወቱ ውስጥ ፎቶ አነሳሁት። ከሁለት ቀን በኋላ ያንን ፎቶ እያየሁ ቁስሉን ደገምኩት፤ በቀኝ ጉንጩ። መስታወት እንደሚገለብጥ ማን ያጣዋል? እኔ ግን በጥድፊያው ላይ አላሰብኩትም። ሁለት ጊዜ ከተቀረጸ በኋላ ኮንቲኒዩቲ የምትይዘው፣ ሲኖቹ እርስ በርስ መግጠማቸውን የምትከታተለው ሴት አየችው። ሰው ሁሉ ቆሞ እኔን ሲጠብቅ ያፈርኩትን እፍረት ዛሬም አልረሳውም። ስለዚህ ፎቶ ስታነሺ ፊት ለፊት ቆመሽ፣ ከዚያ ከግራ፣ ከቀኝ፣ በቀን ብርሃን፤ የሲኑን ቁጥር ጽፈሽ አብረሽ አንሺው። ሥራ ስትጀምሪ ብቻ ሳይሆን ቀረጻው ሲያልቅም አንሺ፤ ላቡና እንባው ፊቱን ለውጦታልና።

ባሏ ይመታታል ላልሽኝ ሲን፣ በለዝ ቀለሙ በየቀኑ ይለወጣል። መጀመሪያ እብጠትና ቅላት፤ በማግስቱ ወይን ጠጅና ጥቁር ሰማያዊ፤ ሳምንት ሲጠጋው ጠርዙ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫና ቡናማ ይሄድና ይጠፋል። በኛ ቆዳ ላይ ቀዩ እምብዛም አይታይም፤ ጠቆር ያለውን ወይን ጠጅ አስቀድሚ። በብሩሽ አትቀቢው። የተቀደደ ስፖንጅ ይዘሽ ነካ ነካ አድርጊው፣ ጠርዙ እንዳይታወቅ።

ደግሞ አደራ፣ ፊቷን አታንጪያት። ሙሽሮች ቀላ አድርጊን እያሉ እጅሽን አስለምደውታል። ፋውንዴሽኑን ከአንገቷና ከደረቷ ጋር አስተያዪው፤ የሚመስላት ከሌለሽ ሁለት ቀላቅለሽ ፍጠሪላት። እዚህ አገር ጥቁር ተዋንያን የቆዳቸው ቀለም ያልተዘጋጀበት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ሲነሱ ኖረዋል። ብዙዎቹ የራሳቸውን ፋውንዴሽን በቦርሳ ይዘው ይመጡ ነበር። በሜካፕና በፀጉር ሥራ ኦስካር ያገኙት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴቶች ሚያ ኒልና ጃሚካ ዊልሰን ናቸው፤ ያም የሆነው በፈረንጅ 2021 ነው። ይህ ሁሉ ዓመት ሲፈጅ አይቼ፣ በገዛ አገራችን የገዛ ቀለማችን ሲጠፋ ዝም ማለት አልችልም። መብራት ቢጠፋ ደግሞ አትደንግጪ፣ መስኮት አጠገብ አስቀምጫት። ቢጫ አምፖል ሥር ያማረ ፊት እንጦጦ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሌላ ነው።

ስለ ንጽሕና አልለምንሽም፣ አዝሻለሁ። ማስካራ በየሰዉ የሚጣል ብሩሽ፤ ሊፕስቲክና ክሬም በስፓቱላ ቆርሰሽ ፓሌት ላይ። ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ዓይን ኩል አታሻግሪ፤ የዓይን በሽታ በኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። 70 በመቶ አልኮል ከፋርማሲ ግዢ፤ ከ99ኙ ይሻላል፣ ቶሎ ስለማይተን ጀርሙን ለመግደል ጊዜ ያገኛል። ላቴክስ (ቁስል የሚሠራበት ፈሳሽ ጎማ) ወይም ማጣበቂያ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ክንዷ ላይ ትንሽ ሞክሪላት። የምትቀቢው ቦታ ቅንድብ ካለበት መጀመሪያ ቫዝሊን አድርጊበት። የጫማ ማስቲሽና ሱፐር ግሉ የሚያመጣልሽ ሰው ካለ፣ ዳይሬክተሩ ራሱ ቢሆን እምቢ በይ።

ደሙን በቤትሽ ትሠሪዋለሽ፦ ወፍራም የስኳር ሽሮፕ፣ የምግብ ቀለም፣ ትንሽ ካካዎ። አፍ ውስጥ የሚገባ ከሆነ አስቀድመሽ ጠይቂያት። በጾም ወተት ያለው ቸኮሌት ልታቀርቢላት አይገባም፤ ሙስሊም ከሆነችና ረመዳን ከሆነ ደግሞ ያ ሲን ከአፍጥር በኋላ እንዲሆን ለረዳት ዳይሬክተሩ በጊዜ ንገሪው። ስኳር ስለሆነ ዝንብ ይጠራል፤ ካሜራው ሊነሳ ሲል ብቻ ቀቢው። ለላብ ግሊሰሪንና ውኃ በመርጫ።

ቀረጻው ሲጀመር ሞኒተሩ አጠገብ ቁሚ፣ ስልክሽን አጥፊ፣ ጥቁር ልብስና ምቹ ጫማ አድርጊ፤ 12 ሰዓት ሙሉ ልትቆሚ ትችያለሽ። ሳትጠሪ አትግቢ። ተዋናይቷ ከልቧ አልቅሳ ከሆነ ፓውደር ይዘሽ አትሩጪባት፤ በዚያ ሰዓት የተነካ ፊት የያዘውን ስሜት ይጥላል። ወንበርሽ ላይ ተቀምጣ የነገረችሽን ለማንም አታውሪ፤ ፎቶዋንም ቲክቶክ ላይ እንዳትለቂ።

ክፍያሽን በወረቀት አጽፊ። የጉልበትሽ ለብቻ፣ የዕቃው ወጪ ለብቻ። «ፊልሙ ሲሸጥ» የሚልሽ ካለ ቢያንስ የዕቃውን ቅድሚያ ተቀበዪ። ስምሽ በፊልሙ መጨረሻ እንዲወጣም አጽፊ።

ብሩሾች፣ ስፖንጆች፣ ላቴክስ ያልሆኑ ጓንቶችና የበለዝ ቀለም አዘጋጅቼልሻለሁ። አየር መንገዳችን ከፈረንጅ 2023 ጀምሮ አትላንታ ስለሚመላለስ፣ በሚቀጥለው ወር ከሚመጣ ጎረቤታችን ጋር እልከዋለሁ። አልኮሉን ግን እዚያው ግዢ።

አሁን ወደ ሽፋሽፍቱ ልመለስ። ለሙሽራ አስቀምጪው። ነገ ማለዳ ከእማዬ ጋር ማድ ቤት ግቢ። አክንባሎውን ስታነሳ እንፋሎቱ የሚያገኛት የት ላይ እንደሆነ እዪ፤ የእጇ አንጓ ውስጠኛው ክፍል ነው። የድሮው ጠባሳ ቀይ አይደለም፤ ጠቁሮ ያብለጨልጫል፣ አንዳንዱ ነጣ ብሏል። ሻሿ ግንባሯ ላይ የሚሠራውን መስመር፣ ከሥሩ የሚወርደውን ላብ፣ በጭሱ የቀላውን የዓይኗን ጠርዝ እዪ። ያንን ቅላት ስትሠሪ ከዓይኑ ውጭ፣ ሽፋኑ ላይ ብቻ፤ ዓይኗ ውስጥ ምንም እንዳታስገቢ። ጥፍሯ ሥር ያለውን ሊጥም አትርሺ።

እኔንም አንቺንም ያስተማረን ያ ክንድ ነው። «ክንድሽን ላየው ፍቀጂልኝ» በያት፤ እሺ ካለችሽ በመስኮቱ ብርሃን ፎቶ አንሺው። ለእኔም ላኪልኝ።

የምትናፍቅሽ እህትሽ