«መዝገብ አልነበራቸውም» ብላችሁ የጻፋችሁትን አርሙልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሑድ የብራና መጻሕፍት በካሜራ ስለመቀዳታቸው ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ገንዘቡን ማን እንደሰጠ፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደመራው፣ የውጭ ባለሙያዎቹ በእግር ምን ያህል እንደተጓዙ ሳይቀር ጽፋችኋል። መሃል ላይ ግን እንዲህ ትላላችሁ፦ «መጻሕፍቱ የውጭ ተመራማሪዎች እስኪደርሱላቸው ድረስ ምንም መዝገብ አልነበራቸውም።»

ማን ነገራችሁ? ዘጋቢያችሁ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት የሚጠብቅ አንድ ቄሰ ገበዝ እንኳ አነጋግሯል? በዘገባው ውስጥ የአንድም ካህን ድምፅ የለም። ፎቶው ላይ መጽሐፉን አቅፈው የቆሙት አባት እንኳ ስማቸው አልተጻፈም። አጠገባቸው የቆመው ፈረንጅ ግን ከነማዕረጉ ተጠቅሷል።

እስቲ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ወንጌል አስቡት። የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280/81 ነው። የገዳሙ አበምኔት አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ መስጠታቸው እዚያው ብራናው ላይ ሰፍሯል። የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም እዚያው ተጽፏል። ይሄ መዝገብ ካልሆነ ምንድን ነው? በየደብሩ ያለ ወርቅ ወንጌልም ባዶ ገጾቹ ላይ የርስት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳት ቆጠራ፣ የሰጪውና የምስክሮቹ ስም ተጽፎበታል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ግዝቱ አለ፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን»። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ነው የሚለው። ባለቤት የሌለው ዕቃ ላይ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም።

ነገሩ እኔን በቀጥታ ይነካኛል። አባቴ ቄሰ ገበዝ ነበሩ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከወገባቸው አይለይም። ጠርዙ በተበላ የተማሪ ደብተር ላይ እያንዳንዱን መጽሐፍ መዝግበው ነበር፤ ማን እንደሰጠው፣ ስንት ጥራዝ እንዳለው፣ የእንጨት ሽፋኑ (ገበታው) ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ የቆዳ ማኅደሩ አዲስ ይሁን አሮጌ። ለቅዳሴ የወጣ መጽሐፍ ካልተመለሰ እራት አይበሉም። ኃላፊነቱን ሲያስረክቡ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ አንድ በአንድ ተቆጥሮ፣ ተፈርሞ ነው።

የቀረጻ ቡድን እኛም አጥቢያ መጥቶ ነበር። ጥቁር ጨርቅ ዘረጉ፣ ካሜራውን ወደ ታች አዙረው አቆሙ፣ ጄኔሬተር አስነሡ። ቅጠሉን በቀስታ እየገለጡ የሚይዙላቸው አባቴ ነበሩ። ድርሳኑ የት እንዳለቀ፣ ተአምሩ የት እንደሚጀምር የነገሯቸውም እሳቸው ናቸው፤ ካሜራውን የያዘው ልጅ ግዕዝ አያነብም። ማታ ደብተሩን አውጥተው ሰጧቸውና ዝርዝሩን ከዚያ ገለበጡ። በኋላ በወጣው ካታሎግ ላይ የአባቴ ስም የለም። «የአካባቢው ካህናት ተባብረዋል» ብቻ ይላል።

ቅጂውስ? ለቤተ ክርስቲያኗ አንዲት ሃርድ ዲስክ ተሰጠች። መብራት የለም፣ ኮምፒውተር የለም። ዲስኳ እስካሁን ሣጥን ውስጥ ናት። እኔ ከአዲስ አበባ «ፎቶዎቹን ማየት እፈልጋለሁ» ብዬ ለቀረጻ ቡድኑ ስጽፍላቸው ከዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ አሉኝ። አባቴ በትከሻቸው ተሸክመው ያወጡላቸውን መጽሐፍ ለማየት! ዘገባችሁ እንዲህ ያለውን ነገር ቢጠይቅ ኖሮ አመሰግናችሁ ነበር።

ትብብሩን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረውን የማይክሮፊልም ሥራ አስታውሱ። ቤተ ክህነት፣ መንግሥትና ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የገዳም ቤተ መጻሕፍት ተስማምተው ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት ተቀድተዋል። ያ ሥራ ባይኖር ዛሬ በእጃችን የማይኖር ብዙ ነው። ግን አዲስ አበባ ላይ የመሩት ዶክተር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ናቸው። ኮሌጅቪል ላይ ፊልሙን ቅጠል በቅጠል እያነበቡ አብዛኛውን ካታሎግ ያዘጋጁት ደግሞ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመተው፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው። ገንዘቡና ካሜራው ከውጭ መጣ፣ እውቀቱ ከዚህ ሄደ። ዘገባችሁ የጻፈው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

ስህተቱ ደግሞ ከክብር ጉዳይ ያለፈ ነው። ዋሽንግተን የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የብራና መጽሐፍ ለደብረ ሊባኖስ መልሷል። ሊመለስ የቻለው መጽሐፉ ገዳሙ ውስጥ ሳለ በማይክሮፊልም ተቀድቶ ስለነበር ነው። የመዝገብ ጥቅሙ ይሄ ነው። በካሜራ ያልተቀዳ መጽሐፍ ቢጠፋ ግን ቤተ ክርስቲያኗ የሚቀራት ማስረጃ የቄሰ ገበዙ ደብተርና የርክክቡ ፊርማ ነው። የተሰረቀ ቅርስ የሚሸጥ ነጋዴ በጣም የሚወደው ቃል ደግሞ «መዝገብ አልነበረውም» የሚለው ነው። እናንተ ያንን በጋዜጣ አትማችሁ ሰጣችሁት። ነገ አንድ ጠበቃ ፍርድ ቤት ይዞት ቢቀርብ ምን ልትሉ ነው?

ስለዚህ ማረሚያው በዚያው ገጽ፣ በዚያው ፊደል መጠን እንዲወጣ እጠይቃለሁ፤ ውስጥ ገጽ ጥግ ላይ አይደለም። ፎቶው ላይ ያሉት አባት ስማቸው ተጠይቆ ይጻፍ። ዘጋቢያችሁም ተመልሶ ሄዶ የዕቃ ቤቱን መዝገብ ያሳዩኝ ይበል። ያሳዩታል። ቡድኑንም የቀዳችሁትን ቅጂ የት አስቀመጣችሁ፣ ካህናቱስ በምን ሊያዩት ነው ብሎ ይጠይቅልን።

የቄሰ ገበዝ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ