ቆራጥነት ብቻ አይበቃም፤ ብስክሌታችንን የት እናቁመው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ሰዎች ለራሳቸው የገቡትን ቃል ለምን እንደማይጠብቁ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ምሳሌ ያደረጉት በየቀኑ በብስክሌት ወደ ሥራ ለመሄድ ወስነው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያቋረጡ ሰዎችን ነው። የጎደላቸው ቆራጥነት ነው ሲሉም ደምድመዋል። በዚህ መደምደሚያ ፈጽሞ አልስማማም። እኔም ይህንኑ ዓላማ ይዤ የምታገል ሰው ነኝ፤ ጀምረው የተዉትንም በቅርብ አውቃቸዋለሁ። ከእነርሱ አንዷ ልጆቿን እያሳደገች የማታ ትምህርቷን ያጠናቀቀች የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቆራጥነት ጎደላት የሚል ሰው ካለ አያውቃትም። ብስክሌቷን የተወችው በመሥሪያ ቤታችን ቅጥር ግቢ ማቆሚያ ስለተከለከለች ነው። ውጭ አጥር ላይ አስራ ስትገባ ቀኑን ሙሉ ልቧ ደጅ ይቀር ነበር።

እርግጥ ነው፣ ዓላማችንን የምናስቀምጥበት መንገድም የራሱ ጣጣ አለው። «አንድም ቀን አላጓድልም» ብሎ የተነሣ ሰው አንድ ቀን ያጓደለ ጊዜ ሁሉም ነገር የፈረሰ ይመስለዋል፤ በማግስቱ ብስክሌቱን ለማውጣት እጁ ይከብደዋል። በጉዳዩ ላይ የተደረገው ምርምር ግን ይህን ያህል ጨካኝ አይደለም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናታቸው 96 ሰዎች አንድ አዲስ ተግባር መርጠው ለ12 ሳምንታት በየዕለቱ እንዲፈጽሙ ጠይቀው ነበር። ተግባሩ ብዙ ሳይታሰብበት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ ከሰው ሰው እጅግ ይለያይ ነበር። መካከለኛው 66 ቀን ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ ከ12ቱ ሳምንታት አልፈው በገመቱት ስሌት ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱ እንዳይጸና የሚያደርግ ጉልህ ጉዳት አላሳየም። ስለዚህ ታሞ የተኛ፣ ልጁን ሐኪም ቤት የወሰደ ወይም ከባድ ዕቃ ይዞ መሄድ ያለበት ሰው በዚያ ቀን አውቶቡስ ቢሳፈር ዓላማውን አልከዳም። እኔ የምከተለው ደንብ ሁለት የሥራ ቀናትን አከታትዬ እንዳልዘል ብቻ ነው። ይህን ደንብ ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ እስካሁንም ጠቅሞኛል።

ሌላው ነገር ማታ የሚደረግ ዝግጅት ነው። ጠዋት ከእንቅልፉ እንደነቃ ከራሱ ጋር ክርክር የሚገጥም ሰው አብዛኛውን ጊዜ በምቾት ይረታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር እንዳሳዩት፣ «እሞክራለሁ» ከሚል ጥቅል ሐሳብ ይልቅ «ይህ ከሆነ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ዝናብ ከጣለ የዝናብ ልብሴን ለብሼ ትንሽ ቀደም ብዬ እወጣለሁ፤ ጎማው ተበስቶ ካገኘሁት በአውቶቡስ ሄጄ ማታ አስጠግነዋለሁ። እንዲህ ተወስኖ ካደረ ጠዋት የሚከራከሩበት ነገር አይኖርም። የጎማ ነገር ከተነሣ ደግሞ፣ ያልተበሳ ጎማም ቢሆን አየሩ በላስቲኩ ውስጥ ቀስ እያለ ያመልጣል። በየሳምንቱ ካልታየና ካልተነፋ መንገዱን ያከብደዋል፤ ነጂው ግን ጉልበት ያነሰው ይመስለዋል። ቅባት ያጣ ሰንሰለትም እንዲሁ ነው። ካቋረጡት ሰዎች መካከል ስንቶቹ በለሰለሰ ጎማና በዛገ ሰንሰለት ተሸንፈው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ብዙዎች ዋናው እንቅፋት ዝናብና ብርድ ነው ይላሉ። አይመስለኝም። በፊንላንዷ ኦሉ ከተማ ሰዎች በበረዶ ላይ በብስክሌት ይመላለሳሉ። በኮፐንሃገንም በረዶ ሲጥል ዋና ዋናዎቹ የብስክሌት መንገዶች በቅድሚያ ይጠረጋሉ። ሰውን የሚያስቀረው ዝናቡ ሳይሆን፣ ረጥቦ ከደረሰ በኋላ ልብስ የሚቀይርበት ክፍል ማጣቱ ነው። (እርጥብ መንገድ ላይ ግን እባካችሁ ተጠንቀቁ፤ ቸርኬውን ጨምቆ የሚያቆም ፍሬን ውሃ ሲነካው ቶሎ አይይዝም፣ የመንገድ ቀለምና የጉድጓድ የብረት ክዳንም ያንሸራትታሉ።)

የጉዳዩ እምብርት እንግዲህ መሥሪያ ቤቱ ነው። ጽሑፋችሁ ይህን አንድም ቦታ አላነሣም፤ ቅር ያሰኘኝም እሱ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር በሆነ የዝግታ ፍጥነት 20 ደቂቃ ይፈጃል። ደርሶ መልሱ 40 ደቂቃ ነው፤ በአምስት የሥራ ቀናት 200 ደቂቃ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚደርስ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ነው። ሠራተኛው ይህን የሚያሟላው ከሥራውም ከቤተሰቡም የተለየ ሰዓት ሳይሰርቅ ነው ማለት ነው። የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በብሪታንያ ከ260,000 በላይ ሰዎችን ለአምስት ዓመት ያህል ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባወጡት ጥናት፣ በብስክሌት ወደ ሥራ የሚሄዱት በመኪና ወይም በሕዝብ ትራንስፖርት ከሚሄዱት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት አደጋቸው 41 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እንዲህ ያለው ክትትል ልዩነቱን ያመጣው ብስክሌቱ ብቻ ለመሆኑ ማረጋገጫ እንደማይሆን አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ አሠሪ የሠራተኞቹ ጤንነት የሚያሳስበው ከሆነ ይህን ቁጥር አይቶ ማለፍ የለበትም።

የምንጠይቀው ደግሞ ብዙ አይደለም። ከመሬት ጋር የተያያዘ፣ የብስክሌቱን አካልና ቸርኬውን አብሮ ማሰር የሚቻልበት ብረት፤ ከዝናብ የሚከልል ጣሪያ፤ ጥበቃው ሊያየው የሚችል ስፍራ። ከዚያም ፊት መታጠቢያና ልብስ መቀየሪያ፣ ቢቻል ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን። አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታ ወደ 10 ብስክሌቶች ይይዛል። የእኔ መሥሪያ ቤት ለመኪናዎች ሰፊ ግቢ እያለው ብስክሌት ከበር ሲመልስ ኖሯል። ምክንያቱን ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ «ግቢውን ያበላሻል» የሚል ነበር። ጥበቃዎቹን አልወቅስም፤ የታዘዙትን ነው የሚፈጽሙት። ተስፋ ያልቆረጥን ጥቂት ሠራተኞች ተሰብስበን፣ ከደረጃው ሥር አሮጌ ወንበር የተከመረበት ባዶ ቦታ እንዲለቀቅልን በጽሑፍ አመለከትን። ብዙ ከተመላለስን በኋላ ተፈቀደልን፤ ወንበሮቹን ያወጣነውም ቦታውን የጠረግነውም እኛው ነን። ዛሬ ከዚያ በፊት በብስክሌት መጥተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ብስክሌታቸውን እዚያ ያቆማሉ። ማንም ቆራጥነትን አላስተማራቸውም። ያቺ ባልደረባዬ ግን ያን ጊዜ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውራ ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሌላው ዓለምም ነገሩ ለግለሰቦች ጥረት ብቻ አልተተወም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ሕግ አሠሪዎች በግብር እፎይታ ለሠራተኞቻቸው ብስክሌት የሚያቀርቡበትን አሠራር ዘርግታለች። በቤልጂየምና በኔዘርላንድስ በብስክሌት ለሚመላለስ ሠራተኛ በኪሎ ሜትር የሚታሰብ አበል ይከፈላል። ኔዘርላንድስ ዛሬ የብስክሌት አገር ለመሆን የበቃችው ደግሞ ሕዝቧ ከሌላው ሕዝብ የበለጠ ጽኑ ሆኖ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እዚያም መንገዱን መኪና ይዞት፣ ብስክሌተኛው እየቀነሰ ሄዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ400 በላይ ሕፃናት በትራፊክ አደጋ ሞቱ። ወላጆች አደባባይ ወጥተው ጮኹ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የተከሰተው የነዳጅ ቀውስም የመንግሥትን ጆሮ ከፈተ። የተለዩ የብስክሌት መንገዶች በስፋት መሠራት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። በየቀኑ በብስክሌት ሥራ መሄድ እዚያ እንደ ጀብዱ የማይቆጠረው መንገዱም ማቆሚያውም አስቀድሞ ስለተዘጋጀ ነው።

ጽሑፋችሁን ያዘጋጁት ሰው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም። ነገር ግን ሞክሮ ያልሆነለትን ሰው ደካማ ነህ ስንለው ሁለት ጊዜ እንጎዳዋለን፤ ዓላማውን ያጣል፣ በራሱም ማፈር ይጀምራል። ጥፋቱ የተዘጋው በር ሆኖ ሳለ ራሱን ይወቅሳል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳለፈው ውሳኔ ጁን 3፣ ማለትም ግንቦት 26፣ የዓለም የብስክሌት ቀን ሆኖ ይከበራል። ዝግጅት ክፍላችሁ ለዚያ ቀን አንድ ጽሑፍ እንዲያሰናዳ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጋዜጠኞቻችሁ ታላላቅ መሥሪያ ቤቶችን እየዞሩ ኃላፊዎቹን ይጠይቁልን፦ ሠራተኛ በብስክሌት ቢመጣ በበሩ ይገባል? ብስክሌቱን የት ያስራል? ልብሱን የት ይቀይራል? ጥያቄውን ከራሳችሁ ሕንፃ ብትጀምሩ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ መልሱንም ሳትቆራርጡ አትሙት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ