ለአይጠየፍም መንትያ ይሠራለት

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ሰሞኑን በደሴው አይጠየፍ አዳራሽ በኩል ሳልፍ ቆም ብዬ አየሁት። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት ቤት ነው። አያድርገውና አንድ ነገር ቢደርስበት፣ የምሰሶውን ልክ ማንን እንጠይቃለን?

የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ2019 ሲቃጠል፣ ቀድሞ በሌዘር ተለክቶ ስለነበር ለጠጋኞቹ ትልቅ እገዛ ሆኗል። ዲጂታል መንትያ ከዚህም ያልፋል። የቤቱ አምሳያ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ ግድግዳው ላይ የተተከሉ ሴንሰሮች (አነስተኛ መለኪያዎች) ደግሞ እርጥበቱንና ስንጥቁን በየጊዜው ይነግሩታል። የጦሳ ተራራን ጉም ለለመደ የደሴ ሰው የእርጥበት ነገር አይነገረውም።

ውድ ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ሴንሰሩ ይቆየን። ለአምሳያው መነሻ ግን ከየአቅጣጫው ተደራርበው የተነሱ ፎቶዎች ይበቃሉ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ተማሪዎች ክረምት ሳይገባ ቢጀምሩትስ?

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ