ለጤና ሚኒስቴርና ለትምህርት ሚኒስቴር፦ ኢንተርኖችን ወረዳ ሆስፒታል ላኩልን

የተከበራችሁ የሁለቱ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች፣

ከከተማ ርቆ በሚገኝ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ጥያቄዬ አንድ ነው። የሕክምና ተማሪ ከኢንተርንነት ዓመቱ፣ ማለትም ከመመረቁ በፊት ሆስፒታል ውስጥ በተግባር ከሚሠራበት የመጨረሻ ዓመት፣ ቢያንስ ሦስቱን ወር እንደኛ ባለ ሆስፒታል፣ ልምድ ካለው ሐኪም ጋር ያሳልፍ።

ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ይህን በየቀኑ አያለሁ። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚማሩት ትልልቅ ሪፈራል ሆስፒታሎች ውስጥ ነው። እዚያ ሲጨንቃቸው ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) ይጠራሉ፣ ሬዚደንቱ ሲኒየር (ስፔሻሊስት ሐኪም) ይጠራል። ተመርቀው እኛ ጋ ሲመጡ ግን ሌሊት ዲዩቲ ላይ የሚጠራ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው።

ከወለደች በኋላ ደም አልቆም ያላት እናት በቃሬዛ መጣች እንበል። አዲሱ ሐኪም ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ያዛል፣ ማህፀኗን ያሻል፣ በደም ሥር ፈሳሽ ይከፍታል። ይህን ተምሮታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ማንም አላስተማረውም። ደም የለም። አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። ሪፈር ይጻፍላት ወይስ እዚሁ ትታከም? መንገድ ላይ ብትደክምስ? አዋላጇ አብራት ብትሄድ ማዋለጃ ክፍሉን ማን ይይዛል? ውጭ የቆሙት ቤተሰቦች እሱን እሱን ያያሉ። ይህን ውሳኔ የመጀመሪያ ጊዜ ሲወስን ብቻውን መሆን የለበትም። ለሱም ግፍ ነው፣ ለእናቲቱም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ጎንደር አጠገብ ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኑን፣ ነርሱንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በቡድን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ያሰማራ ነበር። የጅማ ዩኒቨርሲቲም ከተመሠረተ ጀምሮ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ ይዞታል። የተለያየ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ገጠር ወርደው አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይሠራሉ። መሠረቱ የራሳችን ነው ማለቴ ነው።

ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው። እኔ ባየሁት፣ ተማሪዎች መጥተው መጠይቅ ያስሞላሉ፣ ሪፖርት ጽፈው ይሄዳሉ። መኪናና አበል ሲያጥር ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይኸው የገጠር ቆይታ ነው። ተማሪው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤት ለቤት ቢዞር ኖሮ የትኛው ቤት ነፍሰ ጡር እንዳለች፣ የትኛዋ ክትትል እንዳቋረጠች፣ ለምን እንዳቋረጠች ይሰማ ነበር። ዋርድ ውስጥ ይህ አይገኝም።

አንድ ነገር ግን እንዳይሳሳት። ሥልጠና የደመወዝ ምትክ አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ያነሱት ጥያቄ የመኖር ጥያቄ ነበር። በደንብ የሠለጠነ ሐኪምም ቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ልጅ ያሳድጋል። ፀጥታ ወደሌለበት አካባቢም ተማሪ ይላክ አልልም።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ለኢንተርኖቹ ማደሪያ ይዘጋጅ። ለሚያስተምራቸው ሐኪም ጊዜና ክፍያ ይታሰብለት፤ በትርፍ ሰዓቱ በነፃ እንዲያስተምር አይጠበቅ። ከዩኒቨርሲቲው አንድ ሲኒየር በየሌሊቱ ስልክ የሚያነሳ ተረኛ ይሁን። ይህች ስልክ ብቻዋን ስንቱን ትታደግ ነበር! ኢንተርኑ ሲጨርስም የሚመዘነው በሪፖርቱ ውፍረት ሳይሆን ሕመምተኛ ፊት በሠራው ይሁን።

በመላ አገሪቱ በአንዴ ይጀመር አላልኩም። ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች በአቅራቢያቸው ካሉ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ጋር በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ይጀምሩት። በጀቱ ከወዲሁ ይያዝ፣ ዓመቱ ከገባ በኋላ አይሆንም። እኔና ባልደረቦቼ ልጆቹን ተቀብለን ለማስተማር ዝግጁ ነን። መልሳችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የወረዳ ሆስፒታል ሐኪም