ፓርላማው ሁሉን ይችላል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እሑድ አዌቱ ወንዝ አጠገብ የጀበና ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ «ፓርላማ ያሻውን ያወጣል፣ ያሻውን ይሽራል» አለ። ግማሹ ልክ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን የፌዴራሉ መንግሥት ከፍተኛ የሥልጣን አካል ይለዋል። ሆኖም ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የመብቶችን ምዕራፍ ለማሻሻል ደግሞ የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች መስማማት አለባቸው፤ አንዱ እንኳ እምቢ ካለ ነገሩ ቆመ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ወሰኑ ሳይሆን በእጅ ያለው ሥልጣን ነው። አንቀጽ 55 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ መጠየቅን፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር መመርመርን ይፈቅዳል። አንድ ሦስተኛው አባላት ከጠየቁ ምክር ቤቱ ተወያይቶ እርምጃ መውሰድ ይችላል። የእኛ ተወካይ ይህን አንብቦት ይሆን? (ምርጫ ሲደርስ መንገዳችንን አሳምሮ ያውቀዋል።)

አንቀጽ 54 መራጩ አመኔታ ያጣበት ተወካይ ከአባልነቱ እንደሚነሣ ይናገራል። ጋዜጣችሁ የማንሻውን ሥርዓት ከነዝርዝሩ ቢያስረዳን ደስ ይለናል።

አንድ አንባቢ፣ ከጅማ