«በዚህች ብር ምን ጠብቀሽ ነው?» ስለተባልኩበት የግቢ መብራት

ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለገጣፎ

ለግቢ መብራት ዝርጋታ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ቅሬታን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ። ውሉም ንድፉም እጃችሁ ላይ ስላለ ከመጀመሪያው አልጀምርም። የምጽፈው ስለ አንድ ቅዳሜ ነው፤ የዘረጋችሁትን የግቢ መብራት ልታስተካክሉ ስለቀጠራችሁኝ ሐምሌ 12።

«ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እዚያ ነን» ያለኝ የእናንተው የሥራ ኃላፊ ነው። ቀኑን ሊነግረኝ የደወለው እሱ ነበር። «ሐምሌ ገብርኤል ሳይደርስ እንጨርሰዋለን፣ እናትዎን አይዞዎት ይበሉልኝ» አለኝ። እኔም ለእናቴ እንዳለ ነገርኳት። ደስ አላት።

ቅዳሜ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ጠበቅኩ። 3 ሰዓት አለፈ። 4 ሰዓት ላይ ስደውል «ካራ ደርሰናል» ተባልኩ። ከካራ እኛ ቤት ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። 6 ሰዓት ላይ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። 7 ሰዓት ላይም እንደዚያው። 8 ሰዓት ላይ በእህቴ ስልክ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ።

«እንዴ፣ ዛሬ ነበር እንዴ?» አለ።

ዛሬ እንደነበር ነገርኩት። ሁለቱ መብራቶች ውስጥ ውሃ እንደተኛ፣ ከጓሮ ያለው ደግሞ ብርሃኑ ከሻማ እንደማይሻል ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ እንዲህ አለኝ፦ «ስሚ፣ በዚህች ብር ምን ጠብቀሽ ነው?» ስልኩንም ዘጋው።

ይህ ንግግር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ቀብድ እስክከፍል ድረስ «እርስዎ» ነበርኩ። 33,600 ብር ከገባላችሁ በኋላ «ስሚ» መጣ። «በዚህች ብር» ያለው ግን ከሁሉ ይበልጥ አሞኛል። የሥራው ሙሉ ዋጋ 48,000 ብር ለእናንተ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ለእኔ የእቁብ ገንዘብ ነው። ደግሞ ዋጋውን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ። «ያለኝ ይኸው ነው፣ በዚህ የማይሆን ከሆነ አሁኑኑ ንገሩኝ» ብዬ ፊት ለፊት ጠይቄያችሁ ነበር። «ይበቃል፣ እንዲያውም ያምራል» አላችሁ።

እኔ ያማረ አልጠየቅኩም። ወይራውን ከሥር ማብራቱም አጥሩን ማድመቁም ለሌላ ዓመት ይቆይ ያልኩት እኔው ነኝ። መብራት የፈለግኩት እግር በሚረግጥበት ቦታ ብቻ ነው፦ በሩ ላይ፣ ሦስቱ ደረጃዎች ላይ፣ በኮብልስቶኑ መንገድ፣ እስከ ጓሮው ሰርቪስ ቤት። በአጠቃላይ ስምንት መብራት። እናቴ የምታድረው ሰርቪሱ ውስጥ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ለኪዳን ትወጣለች። ዓይኗ እንደ ድሮው አይደለም።

የምትመሰገኑበትን አልደብቅም። መጀመሪያ ያሰብኩት ሶላር ነበር፤ ሽቦም ቁፋሮም የለውም ብዬ። «በክረምት ደመና፣ በዚያ ላይ ከዛፍ ሥር ቻርጅ አያደርግም፣ እናትዎ በሚነሱበት ሰዓት ባትሪው ያልቃል» አላችሁኝ። ልክ ነበራችሁ። በ12 ቮልት ይሁን ማለታችሁም ልክ ነበር፤ እርጥብ መሬት ላይ 220 ቮልት መቅበር አልፈልግም። ንድፉን ያየ ሁሉ ጥሩ ነው ብሏል። እኔን የጎዳኝ ንድፉ ሌላ፣ ሥራው ሌላ መሆኑ ነው።

ንድፉ ላይ 220ውን ቮልት ወደ 12 የሚቀንሰው ትራንስፎርመር በረንዳው ጥግ ነው፤ ከበሩም ከጓሮውም እኩል። ሠራተኞቻችሁ ግን ሶኬት ቅርብ ነው ብለው በሩ አጠገብ ሰቀሉት። ስለዚህ ሽቦው በአንድ አቅጣጫ ብቻ 45 ሜትር ሄደ። ሽቦውም ውሉ ላይ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው፤ የተቀበረው ባለ 1.5 ነው። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ጎረቤታችን በቴስተር ለካልኝ። በሩ ጋ 11.8 ቮልት፣ ጓሮው ጋ 9.4። ለተመሳሳይ ዋት 12 ቮልት ከ220 ይልቅ 18 እጥፍ ያህል ከረንት ስለሚስብ፣ ቀጭንና ረጅም ሽቦ ላይ ቮልቴጁ እንዲህ ይወርዳል አለኝ። ከመሐል ተነስቶ ለሁለት ቢከፈል ኖሮ እያንዳንዱ መስመር ግማሽ ርቀት፣ ግማሽ ጭነት ይይዝ ነበር፤ የሚጠፋው ቮልቴጅም ሩቡ ብቻ ይሆን ነበር። ይህን እኮ ንድፉን የሠራው ባለሙያችሁ ያውቀዋል! ትራንስፎርመሩን መሐል ያደረገው ለዚህ ነው።

መብራቶቹም እንዲሁ። የተስማማነው አይፒ 65 ነበር፤ አቧራ የማያስገባ፣ በቱቦ ውሃ ቢረጭበት የማይበላሽ። የአንዱን ሥር ገልብጬ ሳይ አይፒ 44 ይላል። እሱ የሚችለው ፍንጣቂ ነው። የሐምሌን ዝናብ የት ይችለዋል? 40 ሳንቲ ሜትር ይቀበራል የተባለው ሽቦ ያለ ፕላስቲክ ቱቦ አንድ ስንዝር ሥር ተገኘ። መጋጠሚያው በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሏል። ስድስቱ መብራት ቢጫ፣ ሁለቱ ነጭ ናቸው። ይህን በግንቦት ስናገር «ይለመዳል» ተብያለሁ። የእናቴን ጤና አዳም ከሥሩ ነቅለው ግንቡ ላይ ጥለውት ሄዱ። እሷ ቡና አፍልታ እስከ በረካ ያጠጣቻቸው ልጆች ናቸው። ደረሰኝ ስጠይቅም የተሰጠኝ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነው።

ሐምሌ 19 ሌሊት የገብርኤል ዕለት እናቴ እንደልማዷ ወጣች። ቃላችሁን አምና መብራቱ የተሠራ መስሏታል፤ አልመጡም ብዬ ልነግራት አፍሬ ነበር። ሁለተኛው ደረጃ ላይ እግሯ ሳተ። በእጇ ተደግፋ ተቀመጠች። እግዚአብሔር ይመስገን አልተሰበረችም፤ የእጇ አንጓ ግን እስከዛሬ እንዳበጠ ነው። ጥፋቱ የእኔም ነው፣ መንገር ነበረብኝ። የእናንተ ግን ይበልጣል።

አሁን የምጠይቀው ይህ ነው። ትራንስፎርመሩ ወደ በረንዳው ይመለስ። ሽቦው በባለ 2.5 ተቀይሮ በቱቦ ውስጥ ይቀበር። ስምንቱም መብራት አይፒ 65፣ ሁሉም ቢጫ ይሁኑ። ለዚህ አንዲት ሳንቲም አልጨምርም። ቀሪውን 14,400 ብር የምከፍለው ሥራው አልቆ፣ ጓሮው ጋ በቴስተር ተለክቶ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ ሲሰጠኝ ነው። ይህን ካልቻላችሁ 33,600 ብሬን መልሱልኝ፤ ዕቃችሁን ነቅላችሁ ውሰዱ።

ደብዳቤውን ስጀምር ይቅርታ በሉኝ ብዬ ልጠይቅ አላሰብኩም ነበር። አሁን ግን እጠይቃለሁ። «ስሚ» ያለኝ ሰው ስልክ ደውሎ ይቅርታ ይበለኝ። ለእናቴም ጭምር። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ትንሽ ለከፈለና ብዙ ለከፈለ ብሎ አይለይም። መልስ ካጣሁ ውሉን፣ ፎቶዎቹንና የጥሪ ዝርዝሩን ይዤ ወደሚመለከተው አካል እሄዳለሁ።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። እናቴ ሁለቱን ሳምንት ሙሉ በየሌሊቱ ትወጣለች። ስለዚህ ቀኑን እኔ ወስኛለሁ፤ ቅዳሜ ሐምሌ 26 ጠዋት 3 ሰዓት። እቤት ነኝ። የማትመጡ ከሆነ ዓርብ ሳይመሽ ንገሩኝ፤ ሌላ ባለሙያ አነጋግሬያለሁ፣ ወጪውንም ከእናንተ እጠይቃለሁ። ጎረቤቴም ቴስተሩን ይዞ ይመጣል።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የውሉ ቅጂ፣ ንድፉ፣ ውሃ የያዙት መብራቶች ፎቶ